አማቾቼ ዘንድ በሽርጥ፦ ከኮሎምበስ እስከ ዋራንጋል

ከህንድ ከተመለስን ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ጋሽ ጥላሁን፣ እንዴት ነበር?" ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስጀምርላቸው ደወል ይደወላል፤ የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ስጀምር ሥጋ ቆራጩ ተራዬን ይጠራል። እስካሁን ከሻንጣው መጥፋት አልፎ የሰማኝ ሰው የለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እዚያ አገር ትሄዳላችሁ ብዬ አይደለም። እኔም ልጄ ባታስገድደኝ ኖሮ፣ ተሉጉ የሚባል ቋንቋ፣ በዚያ ቋንቋ የሚጣላና የሚታረቅ ያን ያህል ሕዝብ መኖሩን ሳላውቅ እሞት ነበር።

መጀመሪያ የሄድንበትን ጉዳይ ልናገር። ብሌን አንድ ልጃችን ናት፤ ነርስ ናት። በ2020 አገር ምድሩ ሲዘጋ እሷ ሆስፒታል ነበረች፤ እዚያው ደግሞ ኮምፒዩተር የሚያስተካክል ካርቲክ የሚባል የህንድ ልጅ ነበር። እኛ ቤት ተዘግተን እጃችንን ስንታጠብ እነሱ ተዋውቀዋል። ነገሩን የሰማነው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። "እንግዲያስ በወጉ ሽማግሌ ይላክ" አልኩ፤ እንዲቀር ብዬ ነበር። አንድ የዲሴምበር ቅዳሜ ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ማስክ ያደረጉ ሦስት ሽማግሌዎች በረዶ ላይ ቆመዋል። ታላቅየው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሦስቱም የካርቲክ የሥራ ጓደኞች ናቸው። "እሺ ሳይሏችሁ እንዳትቀመጡ" ብላ ብሌን አስጠንቅቃቸው ኖሮ፣ ባለቤቴ ውድነሽ ወንበር ብታቀርብ፣ ሻይ ብታቀርብ፣ ወይ ፍንክች! አንዱ ከስልኩ ላይ "የተከበሩ አባት፣ የመጣነው ለመልካም ጉዳይ ነው" የምትለዋን አማርኛ አራት ጊዜ አነበበልኝ። እግራቸው አሳዘነኝና "እሺ፣ እናስብበታለን፤ ቁጭ በሉ" አልኩ። "እሺ" የምትለዋን ብቻ ሰምተው ተቃቀፉ።

ቀጥሎ የመጣው ከወዲያ ነው። የካርቲክ አያት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ናናማ የሚላቸው የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት፣ "ልጅቷን በስልክ አይቻለሁ፤ ወላጆቿን በዓይኔ ሳላይ ግን አልመርቅም" አሉ። ናናማ በተሉጉ የአባት እናት ማለት ነው። እሳቸው ካልመረቁ በዚያ ቤት እንኳን ሠርግ ጎመንም አይቀነጠስም። ታዲያ ማን ይሂድ? ናናማ አይመጡ፣ አርጅተዋል። የካርቲክ አባትና እናት አይመጡ፣ የአሜሪካ ቪዛ ቀጠሮ የሚሰጠው ዓመት አልፎ ነው። ካርቲክ አይሄድ፣ ከወጣ በኋላ የመመለሻ ወረቀቱ አያስተማምንም። ብሌን አትሄድ፣ ሆስፒታሉ በታማሚ ተጨናንቋል። ቀረን እኔና ውድነሽ።

"የሴት ወላጅ ሄዶ ደጅ ሲጠና የት አገር ታይቷል?" አልኩ።

"አሁን ይታያላ" አለች ውድነሽ፣ ፓስፖርቷን እየፈለገች።

እውነቱን ልናገር፤ አሮጊቷ እምቢ ቢሉ አልጠላም ነበር። የሃይማኖቱ ነገር አለ፤ የርቀቱ ነገር አለ፤ ነገ የልጅ ልጄ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠራኝ አለማወቄም አለ። እኔ እምቢ ብል ልጄ ትቀየመኛለች። እሳቸው እምቢ ቢሉ ግን አብሬያት አዝናለሁ፣ እንባዋን እጠርጋለሁ፣ ነገሩ ያልፋል። ይህችን ተንኮል በሆዴ ይዤ ነው የተነሳሁት።

ቅዳሜ። የ2022 የነነዌ ጾም ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። ሻንጣ ስንዘጋ ብሌን ከሥራ ደረሰች። ውድነሽ ለአማቾቿ ብላ ሁለት ኪሎ ቋንጣ አሽጋለች።

"ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ይሄ እኮ ቢፍ ነው!"

"ታዲያ የምን ሥጋ ልውሰድላቸው?"

"የምንም። ሥጋ አይበሉም።"

"እስከ መቼ?"

"ፎሬቨር፣ ማሚ!"

"ለበዓልም?"

ብሌን ቋንጣውን መንትፋ ፍሪጅ ከተተችው። በምትኩ ሁለት ጋቢ፣ አንድ የሐበሻ ቀሚስና የእኔ ሙሉ ልብስ በእኔ ሻንጣ ገቡ። እኔ አሥራ አራት ዓመት ከፓርኪንግ እስከ ኤርፖርቱ በር ሻትል የሚሉትን የመንገደኛ ማመላለሻ የነዳሁ ሰው ነኝ። ኮሎምበስ ውስጥ የእኔን ያህል የሰው ሻንጣ ያወረደ የለም። የዚያን ቀን ባልደረባዬ መሪውን ይዞ እኔ ከኋላ ስቀመጥ በመስታወቱ አየኝና "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ሰው ሆኑ!" አለኝ። በሩን አልፌ ስገባ ግን ቀበቶ የት እንደሚወለቅ፣ ጫማ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ነበርኩ እንጂ ውስጥ አልገባሁም።

እሑድ። እሑድ የሚባል ቀን አልነበረንም፤ ቺካጎና ዶሃ መካከል ጠፋ። ያስታወስኩት ነገር ቢኖር ማስክ አድርጎ በፍርሃት የተቀመጠው መንገደኛ ሁሉ ምግብ ሲመጣ እኩል አውልቆ እኩል መብላቱን ነው። ቫይረሱም የምሳ ሰዓት ያከብራል ማለት ነው። ውድነሽ ከዶሃ በኋላ መስኮቱን ጋርዳ ውዳሴ ማርያም ደገመች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ በሌላ ቋንቋ ከሌላ መጽሐፍ ይደግማሉ። አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በሰላም ያረፍነው በየትኛዋ ጸሎት እንደሆነ እስካሁን ክርክር አለ።

ሰኞ። ሊነጋጋ ሲል ሃይደራባድ ደረስን። የውድነሽ ሻንጣ መጣ። የእኔ አልመጣም። ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ ሙሉ ልብሴ ሁሉ ቀረ። ያ ሻንጣ የትኛውን አገር ሲጎበኝ እንደከረመ አላውቅም፤ ኮሎምበስ የገባው እኛ ከተመለስን በአራተኛው ቀን ነው። እኔ እንግዲህ በኦሃዮ ብርድ የለበስኩትን ወፍራም ሹራብና የስፖርት ሱሪ እንደለበስኩ ከአማቼ ጋር ልተዋወቅ ወጣሁ።

የካርቲክ አባት አቶ ቬንካቴሽዋርሉ ይባላሉ። ስማቸውን አውሮፕላን ላይ ሳጠና ነበር የመጣሁት፤ ሲያዩኝ ግን ከአፌ የወጣው "ቬንካ…" ብቻ ነው። የስልሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ የአበባ ጉንጉን የያዙ። እኔ ጉንጫቸውን ልስም ስጠጋ እሳቸው መዳፋቸውን ገጥመው እጅ ሊነሱ ጎንበስ አሉ። ግንባሬና አናታቸው ተላተሙ። የአበባውን ጉንጉን ያጠለቁልኝ ሁለታችንም ግንባራችንን እያሻሸን ነው።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ባቫጋሩ!" አሉኝ በእንግሊዝኛቸው መሐል።

የሚጋቡ ልጆች አባቶች እንዲህ ነው የሚጠራሩት። "ባቫ" ዝምድናው ነው፤ "ጋሩ" ደግሞ አክብሮቱ። እንግሊዝኛ "አንተ"ና "እርስዎ"ን አንድ ላይ ፈጭቶ ሃያ ዓመት ካኖረኝ በኋላ፣ ሰውን በስሙ ጫፍ የሚያከብር ሕዝብ ማግኘቴ ደስ አለኝ። ስሙን ስላልቻልኩት እኔም እሳቸውን እስከ መጨረሻው "ባቫጋሩ" ብዬ ተገላገልኩ። "ጋሩ" ስል ጋሪ የሚነዳ ሰው የምጠራ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ነጂው እኔ ነኝና ማን ይቀየማል።

የሚኖሩባት ከተማ ዋራንጋል በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ከሃይደራባድ ልንወጣ ስንል ከመንገዱ በላይ ትልቅ ጽሑፍ አየሁ። አንዱ በእነሱ ፊደል ነው፤ ዐ እና ፀ ተጋብተው የተዋለዱ የሚመስል ክብ ክብ ፊደል። ሥሩ በእንግሊዝኛ "ሐብሺጉዳ" ይላል።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩ።

ባቫጋሩ መኪናውን አቀዘቀዙ። አስተማሪ ናቸውና ይህችን ጥያቄ ሲጠብቋት ነበር። "በድሮ ጊዜ የዚህ አገር ገዢዎች ከእናንተ አገር የመጡ ወታደሮች ነበሯቸው። ሐብሺ እንላቸዋለን። ጉዳ ሰፈር ማለት ነው። የሐበሻ ሰፈር! ባቫጋሩ፣ ዘመዶችዎ ከእርስዎ ቀድመው መጥተዋል።"

ውድነሽ ከኋላ ሆና ሳቋ አመለጣት። "ሐበሻ የሄደበት ሁሉ ጉድ አይጠፋም። የሐበሻ ጉድ ብለው ጽፈውታል!"

ባቫጋሩ ምን እንዳሳቀን ሲጠይቁ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ሲገባቸው ጎን ላይ አቁመው ሳቁ። እኔ ግን ዞሬ ጽሑፉን በኋላ መስታወት ፈለግኩት። ባሕር ተሻግሮ እዚያ ድረስ የመጣው ያ ሐበሻ ወዶ ይምጣ ተገዶ ይምጣ ማን ያውቃል። ሰፈር ግን ሆኗል።

ቁርስ መንገድ ዳር በላን። ዶሳ የሚሉት አለ፤ ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በሰፊ ብረት ላይ ተጋግሮ እንደ ብራና ተጠቅልሎ ይመጣል። ውድነሽ ቆርሳ አሸተተችው። "ኮምጠጥ ብሏል፤ ሊጡን የሚያውቅ ሰው ነው ያቦካው" ብላ ፈረደች። ከዚያ ወዲያ አገሩ ድንጋይ ነው፤ ትልልቅ አለት በአለት ላይ ተቆልሎ። ባቢሌን የሚያውቅ ሰው አገሬ ገባሁ ይላል።

ቤታቸው ደረስን። ባለቤታቸው ሱጃታ ደጃፉን በነጭ ዱቄት አበባ አበባ አድርገው ሥለውበታል፤ እኔ ሥዕል መሆኑን ሳላውቅ ረግጬው ገባሁ። ናናማ ሳሎን መሐል ከጣሪያ በሰንሰለት በተንጠለጠለ የእንጨት ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የዳኛ። እጅ ነሳን። እሳቸው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። እምቢ አሉ ማለት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ለካ በዚያ አገር እሺ ማለት ነው።

የእሳቸውን ስተረጉም የእኔም ትርጉም እንደሚያስፈልገው ረሳሁ። እኛ ሰው ሲያጫውተን "አዎ፣ ገባኝ" ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ "ህ!" እናደርጋለን አይደል? ናናማ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩ፣ ባቫጋሩ ሲተረጉሙልኝ፣ እኔ በየመሐሉ "ህ!" እላለሁ። ትልቅ ሰው ስለሆኑም ጠለቅ አድርጌ ነው የምለው። ዥዋዥዌው ቆመ። ናናማ የሳሪያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

"ባቫጋሩ፣ አስም አለብዎት?"

"የለብኝም" አልኩና ደንግጬ ደግሞ "ህ!"

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤት ያለው ሐኪም በሞተር ሳይክል መጣ፤ ከራስ እስከ እግሩ ፕላስቲክ ለብሷል። ጣቴን ቆነጠጠ፣ ጉሮሮዬን አየ፣ አፍንጫዬን ጎረጎረ። "ይህ ሰው ከእኔ ይሻላል" አለ። ናናማ ግን ውጤቱ በወረቀት እስኪመጣ እኔን ከፎቅ፣ ከነሚስቴ፣ እንዲያስቀምጡ አዘዙ። ውድነሽ ደረጃውን ስትወጣ "አገር አቋርጠህ መጥተህ በትንፋሽህ ትታሰር!" አለችኝ።

ማክሰኞ። ከፎቁ በረንዳ ላይ ዋልኩ። ምግብ በተደራረበ ሳህን ደረጃው ላይ ይቀመጥልናል። ባቫጋሩ እንግዳቸው ቀኑን ያለ ታሪክ እንዳያሳልፍ ስላዘኑ፣ ከታች ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው፣ ካርታ ዘርግተው፣ ወደ ላይ እየጮኹ አስተማሩኝ። ካካቲያ የሚባሉ ነገሥታት ከሰባትና ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ከዚያች ከተማ ሆነው የተሉጉን ምድር ገዝተዋል፤ ሐይቅ ቆፍረዋል፣ ቤተ መቅደስ ሠርተዋል። መንገደኛው አጥሩ ላይ ተደርድሮ ይሰማል። አንድ አትክልት ሻጭ ጋሪውን አቁሞ ጥያቄ ጠየቀ። ማምሻውን ውጤቱ መጣ፤ ነፃ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ናናማ ፊት ስቀመጥ ትንፋሼን እየዋጥኩ ነው።

ረቡዕ። የምለብሰው አልነበረኝም። ባቫጋሩ የራሳቸውን ነጭ ሽርጥ አለበሱኝ፤ እነሱ ፓንቼ ይሉታል። ወገቤ ላይ አጥፈው፣ ሸጉጠው፣ "አይወልቅም" አሉኝ። የሳቸው ወገብ ስልሳ ዓመት ለምዶታል።

ቁርስ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ረቡዕ ነውና ውድነሽ ትጾማለች። ሱጃታ ምግቡ ሁሉ ሥጋ የሌለው መሆኑን እየማሉ ያቀርባሉ፤ ውድነሽ ግን እያሸተተች ትመልሳለች። ቅቤ አለበት። እርጎ አለበት። ሱጃታ ፊታቸው ጠቆረ። ቅቤም ወተትም እንደማይሆን ሳስረዳቸው ዓይናቸውን አፈጠጡ። "ከእኛ የባሰ አለ እንዴ?" አሉ። እኔም ጿሚ ብሆንም ሩዙ ግን እንደ ጉድ ይጨመርልኛል። "ሲበቃዎ 'ቻሉ' ይበሉ" ብለው ባቫጋሩ መከሩኝ። ቻሉ በተሉጉ ይበቃል ማለት ነው። "ቻሉ!" ስል ይጨምራሉ። "ቻሉ፣ ቻሉ!" ስል አሁንም ይጨምራሉ። ውድነሽ ባዶ ሳህኗን ይዛ "በል እንግዲህ ቻለው" አለችኝ።

ከዚያ ወደ ካካቲያዎቹ ምሽግ ሄድን። መሐሉ ላይ የነበረው መቅደስ ፈርሶ በአራቱ ማዕዘን የነበሩት የድንጋይ በሮች ብቻ ቆመዋል። ከበሩ ወዲያም ወዲህም ሜዳ ነው። ዕድሜዬን በር ድረስ አድርሼ የምመለስ ሰው ነኝና ወደድኳቸው። ባቫጋሩ አንዱ በር ሥር ቆመው ስለ አንዲት ንግሥት ነገሩኝ። አባቷ ንጉሡ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ሴት ልጃቸውን የወንድ ስም አውጥተው፣ የወንድ ልብስ አልብሰው፣ ንጉሥ ብለው አነገሧት። መኳንንቱ አመጹ፤ እሷ አሸነፈች።

"ባቫጋሩ፣ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያለው አባት ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል" አሉኝ።

ትንፋሼን ዋጥኩ። ብሌን የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ከኬንያ ኮሎምበስ ስንገባ፣ በዚያች ትንሽ እንግሊዝኛዋ ለእኛ አስተርጓሚ የነበረችው እሷ ናት። ዳውንታውን ቢሮ ለቢሮ ይዛን ስትዞር ንጉሥ አላልናትም እንጂ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ሺህ ምሰሶ የሚባለው መቅደስ ሄድን። ስቆጥር ሺህ አልሞላልኝም። ባቫጋሩ ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹት ግማሽ ምሰሶዎችም ይቆጠራሉ አሉ። "ግማሹ ግማሽ ነው" ብዬ እንደገና ልቆጥር ጣቴን ስቀስር ሽርጡ ተፈታ። ውድነሽ ሮጣ ከኋላዬ ያዘችው፤ መርፌ ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰካልኝ ተማሪዎች ፎቶ ያነሱናል። "ቆጥረህ ጨረስክ?" አለችኝ። "ሺህ ነው" አልኩ።

ሐሙስ። ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ራማፓ የሚባል ሌላ መቅደስ አየን። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ጨፋሪዎች ልብሳቸው የሚወዛወዝ ይመስላል። ባቫጋሩ ጣሪያው የተሠራበት ጡብ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነገሩኝ። አላመንኩም። እኔ ደግሞ ላሊበላ ያሉት ቤተ ክርስቲያኖች እያንዳንዳቸው ከአንድ አለት ተፈልፍለው ከላይ ወደ ታች እንደተሠሩ ነገርኳቸው። አላመኑም። "ጣሪያው ቀድሞ ተሠርቶ መሠረቱ መጨረሻ?" አሉ። "ጡቡን ይጣሉልኝና ላምን" ብላቸው ጥበቃውን ለመኑት፤ ጥበቃው ዱላውን ነቀነቀ። እሳቸው ላሊበላን አላዩም፤ እኔም ጡቡ ሲንሳፈፍ አላየሁም። ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ተማመንን።

ዓርብ። ሱጃታ ከጠዋት ጀምሮ ማጀት ውስጥ ነበሩ። ምሳ ሲቀርብ አሥራ ሁለት ዓይነት ወጥ በሙዝ ቅጠል ላይ ተደረደረ። አንዱም ቅቤ፣ አንዱም ወተት የለበትም፤ ሁሉም በኦቾሎኒ ዘይት ነው የተሠራው። ለእኛ ጾም ብለው ነው። ውድነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። ናናማም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር ምሳ ሊቀመጡ መጡ። ልቤ ሞላ። ልቡ የሞላ ሐበሻ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው።

ባቫጋሩ ስለ ንግሥቲቱ የጦር ሠራዊት እያወሩ አፋቸው ተከፍቷል። ሩዙን ከአንድ ጎምዛዛ የቅጠል ወጥ ጋር አድቦልብዬ፣ በምበላበት እጄ፣ ጉርሻዬን አስገባሁ። ወሬው ተቋረጠ። ሱጃታ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ።

እንግዲህ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ዝም ያሉት ለዚህ ነው ብዬ ሁለተኛውን አድቦለቦልኩ። ደግሞም ታላቅ እያለ ታናሽ ማጉረሴ ነው ያስቀየማቸው ብዬ፣ ሁለተኛውን ይዤ ወደ ናናማ ዞርኩ። ናናማ ጉርሻውን አዩት። እጄን አዩት። ዱላቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ባቫጋሩ እንደምንም ዋጡና አስረዱኝ። የሚበሉበት እጅ አፍ ከነካ በኋላ የነካው ምግብ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ነውር ነው፤ ርኩሰትም ነው። ናናማ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ሰው የቀመሰውን ቀምሰው አያውቁም። ምን ልበል? እኔ ራሴ በክርስቲያን እጅ ያልታረደ ሥጋ ሲቀርብልኝ "አይሆንልኝም" ብዬ የተነሳሁባቸው ቤቶች አሉ። ደንቡ ሌላ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ከሰዓት ውድነሽ አላናገረችኝም። ሲመሻሽ "የልጅቷን ትዳር በጉርሻ አፈረስከው" አለችና ፊቷን አዞረች። ይኸው እንግዲህ፣ የፈለግኩት ሆነ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብሌን ኮል አደረገችና "ዳድ፣ እንዴት ነው? ወደዱህ?" ስትለኝ "በጣም!" አልኳት። ስልኩን ቶሎ ዘጋሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህን ሰዎች ማጣት አልፈልግም ነበር።

ቅዳሜ። ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ወሰንኩ። በእኛ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ለስለስ ያለ ድንጋይ አገኘሁና ጫንቃዬ ላይ ሳወጣው ባቫጋሩ ከማጀት እየሮጡ ወጡ።

"ባቫጋሩ! እሱን አይደለም! እሱን እንጸልይበታለን!"

ቢጫ የተቀባ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ቀስ አድርጌ በቦታው መለስኩት። ባቫጋሩ ከአጥሩ ሥር ተራ ጡብ አመጡልኝ። በሽርጥ፣ ጡብ ተሸክሜ፣ ዥዋዥዌው ፊት ተንበረከክሁ። ናናማ ልጃቸውን ምን ሆኗል ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። ዥዋዥዌውን በእግራቸው አቆሙ።

"ሰውን በእጁ ማጉረስ ማን አስተማረው?" አሉ።

እናቴ፣ ልል ነበር። ሌላ ነገር መጣብኝ። ስደት ስወጣ፣ ኬንያ ሳልደርስ፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ወባ ያዘኝ፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ምግብ ወደ አፌ መውሰድ አቃተኝ። በሃይማኖትም በቋንቋም የማንገናኝ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ሦስት ቀን በእጃቸው አጎረሱኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ለውድነሽም ነግሬያት አላውቅም ነበር። ባቫጋሩ ተረጎሙት።

ናናማ አሰቡ። "እኚያ ሰው እጃቸውን ታጥበው ነበር?" አሉ።

"አላስታውስም፤ ታምሜ ነበር።"

ናናማ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዥዋዥዌው አብሯቸው እየተወዛወዘ። ከዚያ "ሱጃታ! ሩዝ!" ብለው ጮኹ።

ሁላችንንም መሬት ላይ ክብ አድርገው አስቀመጡን። እጃቸውን ሁለት ጊዜ ታጠቡ። ትልቅ ሳህን ላይ ትኩስ ሩዝ በበርበሬና በዘይት ተዘፍዝፎ ዓመት ከቆየ የማንጎ አቻር ጋር በጣታቸው አሹት። ለልጅ ልጆቻቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ልጆቹ አሜሪካ ከሄዱ ወዲህ ትተውት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ድብልብል መዳፉ ላይ ጣሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ መዳፌን ዘረጋሁ። አልጣሉልኝም። በጣታቸው አፌን አመለከቱ። ከፈትኩ።

አጎረሱኝና ወዲያው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።

በርበሬ የምንበላው እኛ ነን የሚል ሐበሻ ያንን አቻር ይቅመስ። ጆሮዬ ጮኸ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ። ናናማ ከመታጠቢያው ሆነው አንድ ነገር አሉ። ባቫጋሩ "'ልቡ የዋህ ነው፤ አለቀሰ' ይላሉ" ብለው ተረጎሙልኝ። አላስተባበልኩም። ግማሹ እውነት ነበር።

"ነገ ጠዋት ልጆቹን በስልክ ጥሩልኝ" አሉ ናናማ።

የመመለሻውን መንገድ አልጽፍም። ያው አውሮፕላን፣ ያው ማስክ ነው። የሃይማኖቱን ጉዳይ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ከንስሐ አባታችን ጋር ገና እየተነጋገርንበት ነው፤ ያላለቀውን አለቀ አልልም። የእሑድን ጠዋት ልንገራችሁና ላብቃ።

እሑድ። ናናማ በእርድ የታሸ ጥሬ ሩዝ ይዘው መጡ። ምርቃታቸው በዚህ ነው፤ ከላይ አናት ላይ ይበተናል። መጀመሪያ እኔና ውድነሽ ላይ በተኑ። ከዚያ ባቫጋሩ ስልኩን አነሱ። ኮሎምበስ ገና ቅዳሜ ማታ ነው። ብሌን የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ ካርቲክ አጠገቧ፣ ጎንበስ አሉ። ስልኩ ላይ የሚታየን ሁለት አናት ብቻ ነው። ናናማ ግን ስልኩ ቆሞ አልጣማቸውም። ሩዝ ከላይ ነው የሚወርደው። ምንጣፉ ላይ በጀርባው እንዲተኛ አዘዙ። በተኑ፤ የጣሪያው ፋን ሩዙን ወስዶ ሱጃታ ላይ በተነው። "ፋኑን አጥፉት!" ተባለ። እንደገና በተኑ። ሩዙ መስታወቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ሦስት ጊዜ በተኑና ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ስልኩ ላይ ደፍተው ጮኹ።

"ደረሰ?"

ስልኩን አንስተን ሩዙን ጠረግንለት። ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራ ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው ያ ካርቲክ ጸጉሩን በእጁ እያራገፈ ነበር። የራሱን ጨርሶ እጁን ወደ ብሌን ጸጉር ዘረጋ። እጁን መሐል ላይ አቆመና ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው በስልኩ ውስጥ ወደ እኔ አየ።

"አራግፍላት" አልኩት በአማርኛ። ገባው።